«ለምን አልገባልኝም?» የታሸ የሱፍ የቤት ጫማ ለቤተሰብ አሠራር

ክረምቱ ወጥቶ ጠዋት ጠዋት መብረድ ሲጀምር አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ለእናቴ የቤት ጫማ ሠራሁ፤ እንዳልሽው በሙቅ ውሃ አሸሁት፤ አልገባም፣ ማለቴ አላጠረም፣ አልጠበበም። ምን አጥፍቼ ነው?» አንዳንዷ ደግሞ ተቃራኒውን ይዛ ትመጣለች። የወንድሟን ሹራብ በሙቅ ውሃ አጥባ አሁን ለአሻንጉሊት ብቻ የሚሆን ነገር በእጇ ይዛለች። የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ክሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሥራው ተጀምሯል።

እኔም ከዚያው ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያውን ጥንድ ለእናቴ ሠርቼ ሦስት ሳፋ ሙቅ ውሃ ጨረስኩበት። ያተረፍኩት ንጹሕ ጫማ ብቻ ነበር። «ሱፍ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ክር ለካ አክሪሊክ ኖሯል።

ይህ መመሪያ ለአንድ አዋቂ ሰው የሚሆን አንድ ጥንድ የቤት ጫማ የሚሠራበት ነው። ሹራብ መጀመር፣ አንድ ረድፍ መሥራትና ክር መቁረጥ ከቻላችሁ ይበቃል። ኪሮሽ ብቻ የምትችሉም በኪሮሽ ሥሩት፤ የልኩ ስሌት አይለወጥም። ሦስት ቃል እንግባባ። በመርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ቀለበት «ዐይን» እላታለሁ። ከዳር እስከ ዳር አንዴ ሲሠራ «ረድፍ» ነው። የተሠራውን ሱፍ በሙቅ ውሃና በሳሙና እያሹ እንዲገባና እንዲጠብቅ ማድረግን «ማሸት» እለዋለሁ፤ ፌልት የሚሉትም አሉ።

ባሕር ዳር ላይ የሱፍ ሹራብ ለብሶ ቀን መዋል እንደማይቻል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሱፍ ካገኛችሁ ለእግር አውሉት። ለታኅሣሥና ለጥር ጠዋት፣ ለሐምሌ ዝናብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደብረ ታቦርና ከዚያ ወዲያ ደጋ ላይ ላሉ ዘመዶች።

ሱፍ ለምን ይገባል?

የበግ ጠጉር ላዩ ልሙጥ አይደለም። እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለው። ዓሣን ከራስ ወደ ጅራት ስትዳብሱት ይንሸራተታል፤ ከጅራት ወደ ራስ ስትመልሱት ግን እጅ ይይዛል። ጠጉሩም እንዲሁ ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ቅርፊቱን ከፈት ያደርጉታል፤ ማሸቱ ጠጉሮቹን እርስ በርስ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ አንዴ ከተያያዙ ወደ ኋላ አይመለሱም። አክሪሊክም ጥጥም ይህ ቅርፊት የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ብታሹዋቸው ያው ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 200 ግራም የሱፍ ክር። ቀጭን ከሆነ ሁለቱን ደርባችሁ እንደ አንድ ሥሩበት
- ወፍራም የሹራብ መርፌ፣ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር። የእርሳስ ውፍረት ማለት ነው። ካጣችሁ ቀርከሃ ቀርጻችሁ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት
- ዐይኑ ሰፊ የሆነ የመስፊያ መርፌ
- ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ
- ሁለት ሳፋ፣ አንድ ጆግ፣ አንድ ፔርሙዝ
- ደረቅ የልብስ ሳሙና
- የላስቲክ ጓንት
- ሁለት ማንኪያ አቼቶ
- ፎጣና ጥቂት ፌስታል
- ለሶሉ አሮጌ የባጃጅ ወይም የመኪና ከመነዳሪ፣ ወስፌና የናይለን ክር

1. ክሩን ፈትኑ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ቀሪውን ባያነበው ይሻለዋል።

ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው እሳት ነው። ጣት የምታህል ክር ቆርጣችሁ በወረንጦ ያዙ። ከታች ውሃ ያለበት የብረት ሳህን አስቀምጡና ጫፉን በክብሪት ለኩሱ። ሱፍ ከሆነ እሳት አይወድም፤ ክብሪቱን ስታርቁት ራሱ ይጠፋል። ሽታው ለዓመት በዓል የበግ ጭንቅላትና እግር ሲለበለብ የሚሸተው ነው። አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። አክሪሊክ ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ የላስቲክ ሽታ አለው፤ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ትንሽ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሁለት ዓይነት ሽታ ከሸተታችሁ ቅልቅል ነው።

*ጥንቃቄ፦* የሚንጠባጠበው አክሪሊክ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ልጆች ባሉበት፣ መጋረጃ አጠገብ ወይም በጣት ይዛችሁ አትሞክሩት።

እሳቱ ብቻውን አይበቃም። ከውጭ ዘመድ የሚያመጣው ክር እውነተኛ ሱፍ ሆኖ ሳለ እንዳይገባ ተብሎ ፋብሪካ ውስጥ የታከመ ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ «ሱፐርዋሽ» ይላል። እሱም ሲቃጠል የሱፍ ሽታ አለው፤ ቢታሽ ግን እምቢ ይላል። ስለዚህ ሁለተኛው ፈተና አለ። ግማሽ ሜትር ክር ቆራርጣችሁ ጠቅልሉ፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና አርሱትና በሁለት መዳፍ መካከል ለአምስት ደቂቃ አድቦልቡሉት። ጠጥሮ ሲጎተት የማይፈታ ድብልብል ከሆነ ሥራ ጀምሩ። ከተበታተነ ክሩን ለኮፍያ ወይም ለአንገት ልብስ አስቀምጡት።

በጣም የነጣ ክርም አንዳንዴ ያስቸግራል፤ ማንጫው ቅርፊቱን ይጎዳዋል። ከተቻለ በተፈጥሮ ቀለሙ ያለውን ግራጫ ወይም ቡናማ ውሰዱ።

«የበግ ጠጉር ከገበሬ ገዝቼ ልፍተል» የምትሉ፣ በእኛ አካባቢ የሚበዛው የዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር ነው፤ ለዚህ አይሆንም። የደጋ በግ፣ በተለይ የመንዝ፣ ሱፍ አለው። የሻከረ ነው ግን ይታሻል።

2. እግሩን ለኩ

ባለቤቱን ወረቀት ላይ አቁማችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አንሡ። መቆም አለበት፤ ተቀምጦ የተለካ እግር ክብደት ሲያርፍበት ይረዝማል። ከአውራ ጣት እስከ ተረከዝ ያለውን ርዝመት፣ ከዚያም በሜትር የመሀል እግሩን ዙሪያ ጻፉ። እግሩ የሚያብጥ ሰው ከሆነ ማታ ለኩት።

በድብቅ የምትሠሩት ስጦታ ከሆነ የሚያደርገውን ጫማ የውስጥ ርዝመት ለኩ። ከሰው ግን አትጠይቁ። አንዲት አክስቴ «የአባትሽ እግር 42 ነው» ብላኝ 42 ቁጥር ሠራሁ፤ ለካ የምታውቀው የ20 ዓመት በፊቱን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሱፍ የሚያሳክከው ሰው አለ። ትንሽ ቁራጭ ክንዱ ላይ አስራችሁ አንድ ሰዓት ይቆይ። አባቴ የሠራሁላቸውን «እሰይ የኔ ልጅ» ብለው ተቀበሉ፤ ሳምንት ሳይሞላው ጫማው ላይ ድመቷ ተኝታበት አገኘሁት። አሳክኳቸው ነበር፤ እንዳይከፋኝ ብለው ዝም አሉ።

3. የሙከራ ቁራጭ ሥሩ

20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ሥሩ። ላላ ይበል። ጠጉሩ ለመንቀሳቀስ ቦታ ይፈልጋል፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ከሠራችሁት ሳይያያዝ ይቀራል። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይን እንዳለ ቁጠሩና ጻፉ። ከዚያ በደረጃ 7 እንደተነገረው አሹትና ድጋሚ ለኩት።

«ይህን ያህል ክር ለሙከራ?» ትሉኛላችሁ። አዎ። እያንዳንዱ ክር የሚገባበት መጠን ይለያያል። ከአምስት አንድ እጅ የሚገባ አለ፣ ከሦስት አንድ እጅ የሚገባም አለ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቁመቱ ከወርዱ የበለጠ ይገባል። ቁራጩ አይጠፋም፤ የጀበና ማስቀመጫ ይሆናል።

4. ልኩን አስሉ

ከራሴ ደብተር አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። 20 በ20 የነበረው ቁራጭ ከታሸ በኋላ ወርዱ 16፣ ቁመቱ 14 ሆነ።

ለወርድ፦ 20 ሲካፈል ለ16፣ 1.25።
ለቁመት፦ 20 ሲካፈል ለ14፣ 1.43።

እግሩ 24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጣቱ ጋ ስንሰበስበው ለሚበላው 1 ጨምሩ፣ 25። የእግሩ ዙሪያ 23። እንግዲህ፦

ቁመት 25 × 1.43 = 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ።
ወርድ 23 × 1.25 = 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ።

በ10 ሳንቲ ሜትር 14 ዐይን ካለ፣ ለ29 ሳንቲ ሜትር 40 ዐይን ትጀምራላችሁ። የእናንተ ቁጥር ይለያል፤ የእኔን አትቅዱ።

5. አራት ማዕዘኑን ሥሩ

ከተረከዝ ጀምሩ። 40ውን ዐይን ስትጀምሩ 30 ሳንቲ ሜትር ክር አስተርፉ፤ ኋላ ይሰፋበታል። ሁሉንም ረድፍ በአንድ ዓይነት ሥሩ፤ ማገላበጥ፣ ጌጥ ማውጣት አያስፈልግም። ሲታሽ ጌጡ ስለሚጠፋ ድካሙ ከንቱ ነው።

36 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ አትዝጉት። ክሩን 50 ሳንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ በመስፊያ መርፌ አስገቡና በዐይኖቹ ሁሉ ውስጥ አሳልፉት። ስትለኩ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉት፤ አትሳቡት።

ሁለተኛውን ወዲያው ሥሩ። የእጅ ጥብቀት ከቀን ቀን ይለያያል። አንዱን ለመስቀል ሌላውን ለጥምቀት የሠራች ጎረቤት አለችኝ፤ ጫማዎቹ ወንድማማች እንጂ መንታ አልሆኑም።

6. ስፉ

በዐይኖቹ ያሳለፋችሁትን ክር ስባችሁ ጥብቅ አድርጉ። ያ የጣቱ ጫፍ ነው። እዚያው ሁለት ሦስት ጊዜ ውጉት። ቀጥላችሁ ሁለቱን ዳር አጋጥማችሁ ከጣቱ እስከ ርዝመቱ ግማሽ፣ 18 ሳንቲ ሜትር ድረስ፣ ስፉ። ከዚያ በላይ አትሂዱ። አፉም አብሮ ስለሚገባ እግር አያስገባም። በመጨረሻ የተረከዙን ዳር ለሁለት አጥፋችሁ ስፉ።

የምትሰፉበት ክር ያው የሱፍ ክር ይሁን። በጥጥ ክር ከሰፋችሁት ጫማው ሲገባ ስፌቱ ሳይገባ ይቀርና ይንጠለጠላል።

አሁን በእጃችሁ ያለው አስቀያሚ ነገር ነው። ጆንያ ይመስላል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስቃል። ልክ ነው፤ ቀጥሉ።

7. እሹት

መጀመሪያ ውሃውን አዘጋጁ። አንድ ጄሪካን ሙሉ ውሃ ቅዱ፣ የፈላውን በፔርሙዝ ያዙ። መሀል ላይ ውሃ ወይም መብራት ቢሄድ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል፤ ሁለቱን ጫማ እኩል ማድረግም ይቸግራል።

ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አንድ ጆግ የፈላ ከአንድ ጆግ የቧንቧ ውሃ ጋር ስትቀላቅሉ 55 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ የምንፈልገው እሱን ነው። ቀዝቃዛውን አስቀድማችሁ ጨምሩ፣ ጓንት አድርጉ።

ሳሙናውን ፈቅፍቃችሁ አሟሙት። ትንሽ አረፋ ይበቃል። አረፋው ከበዛ ጠጉሩ ይንሸራተትና አይያያዝም። ዱቄት ሳሙና ለሱፍ ኃይለኛ ነው፤ ተዉት። በረኪና ደግሞ ፈጽሞ አታስጠጉ፤ ሱፍን ይበላዋል።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አትሹት። እየጫናችሁ ልቀቁት ብቻ። ገና ሳይያያዝ ከተፈተገ አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላው ይሳሳል። ከዚያ በኋላ የሥራ ቱታ እንደምታጥቡ እሹት፣ ጠምዝዙት፣ ከሳፋው ጋር አላትሙት።

በየአምስት ደቂቃው አውጡትና እጃችሁን እስከ ጣቱ ጫፍ አስገቡ። የላይኛውና የታችኛው ገጽ እርስ በርስ መያያዝ ይጀምራሉ። በጊዜ ካላላቀቃችኋቸው ጫማው ኪስ የሌለው ሰሌዳ ይሆናል። ሁለቱን ጫማም በየተራ እንጂ አንድ ላይ አትሹ፤ እነሱም ይጣበቃሉ።

ለአሥር፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ይለጠጥና ትልቅ ይመስላል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ በድንገት እጃችሁ ሥር ሲወፍር ይሰማችኋል፤ ዐይኖቹ መደብዘዝ ይጀምራሉ። ከዚህ በኋላ በፍጥነት ስለሚገባ በየሁለት ደቂቃው ለኩት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ለውጡት። ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ሳፋ አንዴ ብትነክሩትና ብትመልሱት ይፈጥናል። ሁሉም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

ክንዳችሁ ከደከመ በእግር መርገጥም ይቻላል። የእህቴን ልጆች ነው የምቀጥረው፤ ክፍያው ሁለት ከረሜላ ነው። ለእነሱ ግን ውሃውን ለብ አድርጉት፣ ሳፋው ስለሚያንሸራትት ያዟቸው።

መቼ ይቆማል? ስትለጥጡት ዐይኖቹ የማይታዩ ከሆነና ርዝመቱ ከወረቀቱ ላይ እግር ጋር እኩል ሲሆን። ያለፈ አይመለስም፤ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ እንዳለ አቁሙ።

*ጥንቃቄ፦* እጣቢውን በወንፊት አጥልሉ፤ ጠጉሩ ቧንቧ ይደፍናል። ሐይቁ ዳር ወርዳችሁም አትሹ። ጣና እምቦጩ ይበቃዋል፣ ሳሙና አንጨምርለት።

8. አለቅልቁ፣ ቅርጽ አስይዙ፣ አድርቁ

አረፋ እስኪጠፋ አለቅልቁ። በመጨረሻው ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጨምሩ፤ የቀረውን ሳሙና ያጠፋዋል። ሳሙና የቀረበት ሱፍ እየቆየ ይደርቃል፣ ያሳክካልም። ሽታው ሲደርቅ ይሄዳል።

በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨምቁት። አሁን ነው ቅርጽ የሚያዘው። ባለቤቱ እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ አሥር ደቂቃ ያድርገው። ድብቅ ከሆነ በፌስታል ሙሉት። በጋዜጣ አትሙሉት፣ ቀለሙ ይለቃል።

ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት አድርቁት። የባሕር ዳር ፀሐይ ነጩን ሱፍ ያቢጫል። በበጋ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ብዙ ይቆያል፤ ይሸታልም። ባይቸኩላችሁ ማሸቱን ለመስከረም አቆዩት።

9. ሶል ስፉበት

የታሸ ሱፍ ሴራሚክ ላይ እንደ በረዶ ነው። ለሽማግሌ ወይም ለአሮጊት ያለ ሶል አትስጡ፤ ይወድቃሉ። ከመነዳሪውን በሳሙና አጥባችሁ ለተረከዝና ለፊት እግር ሁለት ቁራጭ ቁረጡ። በወስፌ ዙሪያውን ብሱና በናይለን ክር ስፉ። ማጣበቂያ አትመኑ፤ ከሱፍ ጋር ብዙ አይቆይም።

ብዙ ጊዜ የሚመጡልኝ ችግሮች

*አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነ።* ትልቁን ብቻ መልሳችሁ እሹት። ትንሹን አትንኩት።

*ትንሽ ጠበበ።* ገና እርጥብ እያለ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ በሁለት እጅ ሳቡት። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰጣል። ከዚያ በላይ የጠበበው የሌላ ሰው ነው። ለአባቴ የሠራሁት የመጀመሪያ ሙከራ ዛሬ የእህቴ ልጅ እግር ላይ ነው፤ እሷ የተሠራው ለእሷ ይመስላታል።

*ቀለሙ ለቀቀ።* ቀይና ጥቁር ይለቃሉ። ለብቻ እሹ። ሁለት ቀለም ቀላቅላችሁ ከመሥራታችሁ በፊት በሙከራ ቁራጩ ላይ አብራችሁ እሹና እዩ።

*ቀዳዳ ወጣ።* የወደቀ ዐይን ነው። ከማሸታችሁ በፊት ጫማውን ወደ ብርሃን አንሡና ፈትሹ። ከታሸም በኋላ በዚያው ክር ጠቅማችሁ በሙቅ ውሃ ብታሹት ይጠፋል።

መርፌ ለማይዝ ሰው፦ የሰልባጅ መንገድ

ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ የሱፍ ሹራብ ፈልጉ። መለያው ላይ ሱፉ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ሱፐርዋሽ ወይም በማሽን ይታጠባል የሚለውን ተዉት። ብል የበላው ቢሆንም ግድ የለም፣ ይረክሳል። ሙሉውን ከላይ እንዳልኩት እሹትና አድርቁት። በደንብ የታሸ ሱፍ በመቀስ ሲቆረጥ አይተረተርም። ስለዚህ በእግሩ ወረቀት ልክ፣ ዙሪያውን ለስፌት አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ የታችኛውን ቁረጡ፣ ከተረፈው የላይኛውን ቁረጡና ስፉ። በአንድ ቅዳሜ ያልቃል።

አያያዝ

ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይታሽ፣ እየተጫነ ይታጠብ። ይህን ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ልብስ ለምታጥበው ሰው ንገሩ። አክስቴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ ሁለት ቁጥር ቀንሳለች።

የሱፍ ትልቁ ጠላት ብል ነው፤ ቆሻሻና ላብ ያለበትን ይመርጣል። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። በወር አንዴ አውጥታችሁ አራግፉት፣ ስፌቱን ገልጣችሁ እዩ። ነጭ ትል ካገኛችሁ ጫማውን ከነፌስታሉ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ክተቱት፤ ከሥጋው ግን ለዩት።